አጥንት የልደት ካርድ አይደለም

ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም ያሉት ሳምንታት በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የሠርግ ጊዜ ናቸው። በላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ዳሱ ተጥሏል። በዚሁ ሰሞን አንድ ሌላ ነገርም ይበዛል፦ ጥቆማ። መምህር ወይም የክፍል ጓደኛ «እገሊት ልትዳር ነው፤ ዕድሜዋ አልደረሰም» ይላል። አባት «ደርሳለች» ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ሲባል የለም። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፋል፦ ዕድሜዋ በሕክምና ተመርምሮ ውጤቱ ይላክልን የሚል። አንዳንዱ ቦታ ባለሙያው ቁመቷን አይቶ፣ ጥርሷን ቆጥሮ ይገምታል። ራጅ ባለበት ደግሞ እጇን ዘርግታ የእጅ አንጓዋ ይነሳል፤ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፤ ቁጥር ይጽፋል። ድግሱ የሚፈርሰውም የሚጸናውም በዚያ ቁጥር ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቁጥር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ራጁ አይዋሽም። ችግሩ እኛ እሱ ያላለውን እያልንለት መሆኑ ነው።

◾ ራጁ የሚያየው ምንድን ነው?

የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ሕጻን ሲወለድ ስምንቱም ገና ልም አጥንት ስለሆኑ ራጅ ላይ አይታዩም፤ ቦታቸው ባዶ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱ ብቅ ይላሉ፣ ሌሎቹ በየዓመቱ ይከተላሉ፤ የመጨረሻዋ፣ የአተር ፍሬ የምታክለው፣ የምትታየው ልጁ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በጣቶቹና በክንዱ አጥንቶች ጫፍ ላይ ጥቁር መስመር አለ። አጥንቱ በርዝመት የሚያድገው በዚያ መስመር ነው። ጉርምስና ሲያልቅ መስመሩ እየጠበበ ይሄድና ይዘጋል። ከአንጓው መጨረሻ የሚዘጋው በአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት ጫፍ ያለው ነው።

እንግዲህ ራጁ የሚናገረው ይህን ነው፦ የዚህች ልጅ አጥንት ከዕድገቱ መንገድ ምን ያህሉን ሄዷል? «ስንት ዓመት ሆኗታል?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለት መንገደኞች እኩል ተነስተው አንዱ ንፋስ መውጫ ሲገባ ሌላው ገና ጉና ላይ ሊሆን ይችላል። የደረሱበትን ቦታ አይቶ የተነሱበትን ሰዓት መናገር አይቻልም፤ መገመት ብቻ ነው የሚቻለው።

◾ መለኪያው ከየት መጣ?

በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ግሮይሊክና ፓይል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የግራ እጅ ራጅ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው እትም የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ነው። በውስጡ ያሉት ፎቶዎች የተነሱት ከ1931 እስከ 1942 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ነው። ልጆቹ ነጮች፣ ጤነኞች፣ ከተመቻቸው ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። ሐኪሙ የልጁን ራጅ ከመጽሐፉ ፎቶዎች ጋር እያስተያየ በጣም የሚመሳሰለውን ይመርጣል፤ በዚያ ፎቶ ላይ የተጻፈው ዕድሜ «የአጥንት ዕድሜ» ይባላል።

መጽሐፉ መጥፎ አይደለም። የተሠራበት ዓላማ ግን ከእኛ ዓላማ የተገላቢጦሽ ነው። የሕጻናት ሐኪም የልጁን የልደት ቀን ያውቃል፤ የማያውቀው አጥንቱ ከዕድሜው ጋር እኩል መሄዱን ነው። ልጁ 10 ዓመቱ ሆኖ አጥንቱ የ7 ዓመት ልጅ ቢመስል የሆርሞን ወይም የምግብ ችግር ይኖር ይሆን ብሎ ይመረምራል። ይህ ማለት ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ዕድሜና አጥንት ሊለያዩ እንደሚችሉ አምኖ የተሠራ ነው። እኛ ጋ ግን የልደት ቀኑ ጠፍቶ አጥንቱ ብቻ ይቀርባል፤ ከአጥንቱም የልደት ቀን አውጣ ይባላል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ጤነኛና በደንብ በበሉት በእነዚያው የክሊቭላንድ ልጆች መካከል እንኳ፣ በአሥራዎቹ አጋማሽ ላይ የመደበኛ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በስታቲስቲክስ ቋንቋ 95 ከመቶውን ልጅ ለማካተት ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ዓመት መተው ያስፈልጋል። ስለዚህ «የአጥንት ዕድሜዋ 16» የተባለች ልጅ 14ም 18ም ልትሆን ትችላለች። ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ 18 ሞላት አልሞላት የሚለውን ነው። መለኪያው በጣም የሚደናገረው ሕጉ መልስ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ነው።

የሴቶች ነገር ደግሞ ይብሳል። የሴት ልጅ አጥንት ከወንድ ቀድሞ ይዘጋል፤ ልዩነቱ ሁለት ዓመት ያህል ነው። አንጓዋ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ልጅ 16 ወይም 17 ዓመቷ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተዘጋ በኋላ 17ቱንና 25ቱን ዓመት በራጅ መለየት አይቻልም። «አጥንቷ ጨርሷል» የሚለው ቃል ግን ቀበሌ ሲደርስ «18 ሞልቷታል» ተብሎ ይነበባል።

◾ ጋይንትና ክሊቭላንድ

አጥንትን ከሚያዘገዩ ነገሮች አንዱ ረሃብ ነው። በልጅነቱ በቂ ያላገኘ አካል ዕድገቱን ያዘገያል፣ ጉርምስናውም ይዘገያል፣ የአጥንቱ መስመርም ዘግይቶ ይዘጋል። ጋይንትና ስማዳ በአገራችን የምግብ እጥረት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳ ወረዳዎች ናቸው። ሴፍቲ ኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት መካከልም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 46 ከመቶው ከዕድሜያቸው አንጻር ቁመታቸው ያጠረ፣ ማለትም የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በዚያ ጥናት የተለኩት ሕጻናት አሁን አሥራዎቹ ውስጥ እየገቡ ያሉት ናቸው። ነገ ራጅ ክፍል የምትቆመው ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት።

ስለዚህ ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ቶሎ የጎረመሰች የ16 ዓመት ልጅ «ደርሳለች» ትባላለች። በልጅነቷ የተራበች የ19 ዓመት ወጣት «አልደረሰችም» ተብላ በፈቃዷ የመሠረተችው ትዳር በወንጀል ይታያል።

ሌላም አለ። የእጅ አንጓ በራሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ሁለት የአንጓ አጥንቶች ከጽንስ ጀምሮ ተጣብቀው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ ይህ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ትርፍ ትንሽ አጥንት ያላቸው፣ አንዱ አጥንት ለሁለት የተከፈለባቸውም አሉ። አብዛኞቹ ምንም አያማቸውም፤ ሳያውቁት ይኖራሉ። የለመደ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ይህን ለይቶ ያውቃል። በወረዳ ከተማ ሆስፒታል ሃምሳ በሽተኛ ተሰልፎበት፣ በመሀል የፍርድ ቤት ደብዳቤ የቀረበለት ጠቅላላ ሐኪም ግን ፋታ የለውም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የማይመለስ ጥያቄ ነው የተሰጠው።

◾ ከእግር ኳስ እንማር

ፊፋ ከ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ባለው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል። ጨረር ስለሌለው ጤነኛ ልጅ ላይ ቢሠራ አይጎዳም። በ2015 ዓ.ም. የካሜሩን ፌዴሬሽን በዚሁ ምርመራ ከ30 ታዳጊ ተጫዋቾች 21ዱን ከቡድኑ ማስወጣቱ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

«ታዲያ እነሱ ከቻሉ እኛስ?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ፊፋ «ይህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም? በጥናቱ የታዩት ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ሙሉ በሙሉ የተዘጋባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ የተዘጋበትን ያስወጣሉ። ያልተዘጋበት ልጅ ግን 17 አልሞላውም አይሉም፤ ማለትም አይችሉም። መለኪያው የወንዶች ነው፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል፣ ስህተት ቢፈጠር ልጁ የሚያጣው ውድድር ነው። የእኛዋ ልጅ ብትሳሳትባት የምታጣው ትምህርቷን ነው፤ አንዳንዴም በወሊድ ሕይወቷን።

አውሮፓም ቢሆን ተከራክሮበታል። ስዊድን በ2009 ዓ.ም. ብቻቸውን የመጡ ወጣት ስደተኞችን ዕድሜ በጉልበት ኤምአርአይና በጥርስ ራጅ መመርመር ስትጀምር የራሷ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ተቃውመው ጽፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ኮሚቴም በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 24፣ መንግሥታት ለዕድሜ ውሳኔ በአጥንትና በጥርስ ምርመራ ላይ ብቻ እንዳይደገፉ፣ ጥርጣሬ ካለም ለልጁ እንዲያደሉ አሳስቧል። ኢትዮጵያ የሕጻናት መብቶች ስምምነትን ተቀብላለች።

◾ አንድ ራጅ፣ ሦስት ጉዳይ

ሕጋችን ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ያደረገውን የጋብቻ ዕድሜ የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ ተከትሏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ይቀጣል፦ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት።

ችግሩ ያው አንድ ራጅ ለሦስት የተለያዩ ጉዳዮች እኩል መቅረቡ ነው።

አንደኛው ከሠርጉ በፊት ነው። ጥያቄው ሠርጉ ይቁም አይቁም ነው። ውጤቱ «ከ16 እስከ 19» ቢል ጥርጣሬው ለልጅቱ መሆን አለበት፤ ሠርጉ ይቆያል። ጉዳቱ ምንድን ነው? ድግስ ሊባክን ይችላል፣ አባት ሊያፍር ይችላል፤ ይህን አላቃልልም፤ በገጠር ድግስ የዓመት ልፋት ነው። ነገር ግን ልጅቱ 18 ሞልቷት ከነበረ ያጣችው ጥቂት ጊዜ ነው። ካልሞላት ያዳነችው ሕይወቷን ነው።

ሁለተኛው ከሠርጉ በኋላ፣ በወንጀል ችሎት ነው። እዚህ ተከሳሽ አለ። ጥርጣሬ ለተከሳሽ ነው፤ ይህ የፍትሕ መሠረት ስለሆነ አልከራከርበትም። «ከ16 እስከ 19» በሚል ወረቀት ሰው ጽኑ እስራት ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ ያን ወረቀት ብቻ ይዞ የሚቀርብ ዐቃቤ ሕግ ገና ከጅምሩ ተሸንፏል።

ሦስተኛው ራሱ ልጁ ሲከሰስ ነው። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለው በተለየ ሥርዓት ይታያል፣ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ያልሞላው በሞት አይቀጣም። እዚህም ጥርጣሬው ለልጁ ነው።

አያችሁ? ራጁ አንድ ነው፤ ጥርጣሬው የሚያጋድልበት ሰው ግን በየጉዳዩ ይለያል። ሐኪሙ አንድ ቁጥር ብቻ ሲጽፍ ጥርጣሬው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ጥርጣሬው ከጠፋ ደግሞ ዳኛውም ሆነ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለማን ላድላ ብሎ አይጠይቅም። «ሐኪም 18 ብሏታል» ይባልና ያልቃል።

◾ «ታዲያ ወላጅ ሲዋሽስ?»

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለትና ሦስት ልጅ በአንድ ድግስ የሚድርበት አገር ነው፤ ታላቋ ስትዳር ታናሿም አብራ ትወጣለች። ወጪ ይቆጥባል፣ ዘመድም አንዴ ይሰበሰባል። ታናሿ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ሲጠየቅ ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ቢጨምር ምን ይገርማል? ወደ ዓረብ አገር በሚላኩ ልጆች ፓስፖርት ላይም ዕድሜ እንደሚጨመር የምናውቀው ነው። ጥቆማ የሚሰጥ መምህርም ሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እዚያው ቀበሌ ነው የሚኖረው፤ ጎረቤቱን ማስቀየም ይፈራል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ የሚናገር፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ ማሽን ያስፈልጋል የሚለው ስሜት ይገባኛል።

ግን የማያውቀውን የሚመልስ ገለልተኛ ምስክር ለማን ይጠቅማል? በተግባር የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ለሚቸኩለው ወገን ነው። ቶሎ የጎረመሰች ልጅ ያለችው አባት ራሱ «ይመርመሩልኝ» ሊል ይችላል፤ ውጤቱም የውሸቱ ማኅተም ይሆንለታል።

◾ ቀኑ የት ነው የተጻፈው?

የጋይንት እናት ልጇ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም የሚባለው ነገር ልክ አይደለም። ቀኑን ላታውቅ ትችላለች፤ ታሪኩን ግን ታውቃለች። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፣ ወንድ በ40 ቀኑ። የትኛው ታቦት፣ የትኛው ዓመት፣ የክርስትና እናቷ ማን፣ ያን ጊዜ በሬው ሞቶ ነበር ወይስ በረዶ መትቶ ነበር፤ ሁሉም ይታወቃል። ሙስሊሙም ዘንድ ስም የሚወጣበት ሰባተኛው ቀን አለ። የክትባት ካርድ አለ፤ የመጀመሪያው የፔንታቫለንት ክትባት በስድስት ሳምንት፣ የኩፍኝ በዘጠኝ ወር ስለሚሰጥ ቀኑ ከተጻፈ የልደት ቀኗ በሳምንታት ልዩነት ይገኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ ፎልደር አለ። የአንደኛ ክፍል መዝገብ አለ። የታላቅና የታናሽ ቅደም ተከተል አለ፤ ታናሽ ወንድሟ 17 ከሆነና ታላቅ እህቷ 19 ከሆነች እሷ 22 ልትሆን አትችልም።

እያንዳንዱ ብቻውን ይዋሻል። አራቱን አንድ ላይ ማዋሸት ግን ከባድ ነው። ከራጅ የሚሻሉትም በዚህ ነው፦ ራጁ የሚናገረው ስለ ዕድገቷ ነው፣ እነዚህ ግን ስለ ጊዜ ነው የሚናገሩት።

እርግጥ መዝገብ ይጠፋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ንፋስ መውጫ በጦርነት ስትያዝ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ግጭትም በክልሉ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሥራ እንዳቆመ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ጠቋሚው መምህርም፣ ልጅቱን ከቤት የሚያወጣው ደወልም አብረው ይጠፋሉ። ይህ ግን ያለውን መዝገብ ቶሎ ለመሰብሰብ ምክንያት ይሆናል እንጂ ሁሉን ለራጅ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

◾ ምን ይደረግ?

1. ራጅ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የክርስትና፣ የክትባት፣ የትምህርት ቤትና የቤተሰብ ማስረጃ መሰብሰቡ ይረጋገጥ። ይህን የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያደርጉት ይችላሉ።

2. ሐኪሙ ነጠላ ቁጥር አይጻፍ። ከስንት እስከ ስንት፣ በየትኛው መለኪያ፣ ማን እንዳነበበው ይጻፍ። «በዚህ ምርመራ 18 መሙላቷን ማወቅ አይቻልም» የሚለውም ሙሉ መልስ መሆኑ ይታወቅ። ይህን በመጻፉ ሐኪምን የሚቆጣ ዳኛ ወይም ፖሊስ አይኑር።

3. ከሠርግ በፊት ጥርጣሬ ካለ ሠርጉ ይቆይ። በወንጀል ችሎት ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በራጅ ብቻ አይቅረብ።

4. ልደት ይመዝገብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ። በዚያው ዓመት የተካሄደው ጥናት በአገሪቱ ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ሕጻናት 3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ነበር ያገኘው። ስሌቱን እዩት፦ ምዝገባው በተጀመረበት ሰሞን የተወለደችና በወቅቱ የተመዘገበች ሕጻን 18 የምትሞላው በ2026 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሚዳሩት ሁሉ መዝገብ ከሌለው ትውልድ ናቸው። ዛሬ የማንመዘግባት ሕጻን ደግሞ ይህን ጉዳይ ሌላ 18 ዓመት ታስረዝመዋለች።

በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። አሥር ቀን ይተርፋል ማለት ነው። ቤተሰቡ በዚያ ቀን ተሰብስቧል፣ ስሟ ወጥቷል፣ የክርስትና እናቷ ምስክር ናት። የቀበሌው ክብር መዝገብ ሹም በወር አንዴ ከደብሩ አለቃ ጋር ተቀምጦ የወሩን ክርስትና ቢመዘግብ፣ ከመስጊዱ ኢማምም ጋር እንዲሁ ቢያደርግ፣ የእስቴ ገበሬ ለምዝገባ ብሎ ሥራ ፈትቶ መካነ ኢየሱስ ድረስ መመላለስ አያስፈልገውም። ማሽን አይገዛም፤ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ሁለት የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው።

የራጅ ፊልሙ የሚነሳው ልጅቱ ከታጨች በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምንሟገተው ከ18 ዓመት በፊት አንድ መስመር መጻፍ ስላቃተን ነው። የአጥንቷ መስመር ያን ያልተጻፈ መስመር ሊተካልን አይችልም።

የፍትሕም የጤናም ባለሙያ የሆናችሁ የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ በየወረዳችሁ የዕድሜ ምርመራ ውጤት የሚጻፈው በነጠላ ቁጥር ነው ወይስ ከስንት እስከ ስንት ተብሎ? ጻፉልን።